ረጂ ሞልቶ ተረጂ ሲጠፋ

ማርች 24 ቀን 2020 የእንግሊዝ መንግሥት ለሕዝቡ አንድ ጥሪ አቀረበ። (ነገሩ የብዙ አገር ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኮቪድ ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጧል። ለበሽታው በቀላሉ ለሚጋለጡ ሰዎች መድኃኒት የሚያደርስ፣ ብቻቸውን ለሆኑት እየደወለ የሚያጫውት፣ ከሆስፒታል የወጣን ሰው ቤቱ የሚወስድ 250 ሺህ በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ተባለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 750 ሺህ ሰው ተመዘገበ። ከተጠየቀው ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ምዝገባውን ለጊዜው ማቆም የግድ ሆነ።

ከዚያስ? ከዚያማ ብዙው ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ጥሪ የሚመጣበትን የስልክ አፕ ጫነ፣ ዝግጁ መሆኑን አሳወቀ፣ ስልኩን አየት እያደረገ መለሰው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድም ጥሪ ያልመጣላቸው ብዙ ነበሩ። 

ችግርተኛ ጠፍቶ አይደለም። ያን ጊዜ መድኃኒቱ እያለቀ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ጨንቆት በሩን የዘጋ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ግን በአንድ በኩል መርዳት የሚፈልገው ሰው ስልክ ላይ ተሰልፏል፤ በሌላ በኩል እርዳታ የሚፈልገው ሰው ከስልኩ ውጭ ነው። በመካከል ድልድይ የለም። በጤና ቀውስ ጊዜ ጎረቤትን ኦንላይን ስለማደራጀት ሲወራ ሁሌ የሚዘለለው ይሄ ድልድይ ነው። ሰው ግሩፕ ይከፍታል፣ ሊንክ ይበትናል፣ በአንድ ቀን 200 ሰው ይገባል፣ "ተደራጀን" ይባላል። ገና ምንም አልተደራጀም።

በዚያው ማርች ወር በእንግሊዝ፣ በኮርንዎል የምትኖር አንዲት ሴት ሌላ ነገር አደረገች። ትንሽ ካርድ አዘጋጀች። ካርዱ ላይ የረጂው ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። ከሥሩ ምርጫዎች ተደርድረዋል፦ ዕቃ መግዛት፣ በስልክ ማጫወት፣ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ማድረስ፣ አስቸኳይ ነገር ማምጣት። ካርዱን በጎረቤት በር ሥር ማስገባት ብቻ ነው። ሐሳቡ በኢንተርኔት እሳት ሆኖ ተዛመተ፤ በየአገሩ ሰው እያተመ በየበሩ አስገባው። ልብ በሉ፤ ኢንተርኔቱ ካርዱን ለረጂው አደረሰው፣ ረጂው ደግሞ ወረቀቱን ይዞ በእግሩ ሄደ። በካርዱ በኩል እርዳታ ያገኘው ሰው ኢንተርኔት ላይ መውጣት ጨርሶ አላስፈለገውም።

እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ኦንላይኑ የረጂዎች ጓዳ ነው። ሥራ የሚከፋፈሉበት፣ ማን የት እንደሄደ የሚያውቁበት። ተረጂው ጓዳ ድረስ ይግባ ከተባለ፣ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ሰው ደጅ ይቀራል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2021 መጨረሻ ባወጣው ግምት 2.9 ቢሊዮን ሰው ኢንተርኔት ተጠቅሞ አያውቅም። ኢንተርኔት በየቤቱ በገባባቸው አገሮች እንኳ ከመስመር ውጭ የሚቀሩት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ኮቪድም የከፋው በእነሱ ላይ ነበር።

ከኮቪድ በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ላንሳ። ጁላይ 1995 ቺካጎን ከባድ ሙቀት መታት። ሙቀቱ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባ። ሲያልፍ ሲቆጠር፣ በዚያ ወቅት ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ 739 ሰው ሞቶ ተገኘ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በኋላ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሰፈሮችን አነጻጸረ፤ ሰሜን ላውንዴልንና ደቡብ ላውንዴልን። በሁለቱም ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ድሃ አረጋውያን አሉ። የአየሩ ሙቀት አንድ ነው። በሰሜኑ ግን በሕዝብ ብዛት ሲሰላ የሟቹ ቁጥር የደቡቡን ወደ አሥር እጥፍ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው መንገዱ ነው። ደቡቡ ሱቁ ክፍት፣ መንገዱ ሰው የሞላበት ነው፤ አሮጊቷ ወጣ ብላ ትገባለች፣ አንድ ቀን ካልወጣች "የት ገባች?" የሚል አይጠፋም። ሰሜኑ ግማሹ ባዶ ቤት፣ ባዶ ቦታ ነው፤ ሰው ደግሞ ወንጀል ፈርቶ መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እዚህ በሬሳ ቁጥር ተለካ።

ወረርሽኝ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በሽታው ራሱ መንገዱን ይዘጋዋል። ደቡብ ላውንዴልን ያዳነው ዓይን፣ ማለትም አላፊ አግዳሚው፣ ባለሱቁ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠው፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ያን ጊዜ ግሩፑ የመንገዱን ዓይን ይተካ እንደሆነ ነው ጥያቄው። ብዙ ጊዜ አይተካም፤ ምክንያቱም ግሩፕ የሚያየው የጻፈውን ሰው ብቻ ነው። መንገድ ግን ያልወጣውንም ያያል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚሠራው? በደንብ የሠሩትን ማየት ይሻላል። በኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ በማርች 2020 የተቋቋመው ቤድ-ስታይ ስትሮንግ የተባለው ቡድን ጓዳው ስላክ የሚባል የመልእክት መለዋወጫ ነበር። ለሰፈሩ ሰው ያሳየው ግን ስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩን በወረቀት አትመው በየቦታው ለጠፉ። ደዋዩ መልእክት ይተዋል፣ አንድ ፈቃደኛ መልሶ ይደውላል፣ የሚያስፈልገውን ይመዘግባል፣ ሌላው ገዝቶ በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ከኋላ ሠንጠረዥ፣ ፎርም፣ የሥራ ክፍፍል አለ። ከፊት ያለው የሰው ድምፅ ነው። ይህን ሥርዓት የሠሩት መድረክ የሚመርጡ፣ ዲዛይን የሚያሳምሩ ሰዎች ቢሆኑም፣ ከሠሩት ሁሉ ትልቁ ነገር ስልክ አንስቶ "እንደምን አደሩ፣ ከሰፈር ነው የምደውለው" ማለት ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠን ነው። በ2020 አንድ የዋትስአፕ ግሩፕ የሚይዘው 256 ሰው ነበር፤ አሁን 1,024 ደርሷል። ቴሌግራም 200 ሺህ ይይዛል። ይሄ ለሌላ ነገር ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለሰፈር መደጋገፍ ግን 256ቱም ይበዛል። አስቡት፤ ከሰዓት በኋላ አንዷ "የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት አልቋል፣ እኔ ሌላ ከተማ ነኝ" ብላ ትጽፋለች። ሰባት ሰው የጸሎት ምልክት ያስቀምጣል። ሦስት ሰው "እኔ አለሁ" ይላል። ከዚያ አንዱ የዜና ሊንክ ይለጥፋል፣ ክርክር ይነሳል፣ በሰዓት ውስጥ 90 መልእክት በላዩ ላይ ይወርድበታል። ማታ ሲታይ ወይ ሦስቱም ሄደው እናትየው ሦስት እሽግ ታቅፈዋል፣ ወይ ሦስቱም ሌላው ይሄዳል ብለው ማንም አልሄደም። ሁለተኛው ነው የሚበዛው። እኔ ራሴ ሚውት አድርጌ የረሳሁት ግሩፕ ስንት እንደሆነ ብቆጥር አፍራለሁ፤ ሌላውም ከእኔ የሚለይ አይመስለኝም።

መፍትሔው ተራ ነገር ነው። ለአንድ መንገድ ወይም ለአንድ ሕንፃ አንድ ሰው ይመደብ። ጥያቄ ወደ ግሩፑ ሳይሆን ወደዚያ ሰው ይምጣ። እሱ ግሩፑ ላይ "አንድ ሰው ወደ ፋርማሲ፣ ዛሬ" ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ "ይዤዋለሁ" ይላል፣ ሲያበቃ "ደርሷል" ይላል። በቃ። "ደርሷል" የምትለዋ ቃል ከሁሉም በላይ ወሳኝ ናት። እሷ ከሌለች የተሠራው ካልተሠራው አይለይም።

የቻይናዋ ሻንጋይ በ2022 ያሳየችው ይህንኑ ነው። ወደ 25 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ከተማ በዚያ ጸደይ ለሁለት ወር ገደማ ተቆለፈች። ምግብ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ለአንድ ቤት ማድረስ ስላልቻሉ በጅምላ ለግቢ ብቻ ይሸጡ ጀመር። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ለዓመታት ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው የማያውቁ ሰዎች በዊቻት፣ በቻይናውያን የመልእክት መለዋወጫ፣ ተሰባስበው አብረው ማዘዝ ነበረባቸው። ከመካከላቸው አንዱ "ቱዋንጃንግ"፣ የግዢው አለቃ ይሆናል። ትእዛዝ ይሰበስባል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ዕቃው ሲመጣ ያከፋፍላል፣ የጎደለበት ሲቆጣ ስድቡን ይችላል። ለምን ሠራ? ወሰኑ የታወቀ ነው፤ ሕንፃው ነው። ማን ውስጥ እንዳለ ማን እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እዚያም ቢሆን ስማርት ስልክ የሌላቸው አረጋውያን ከግዢው ይቀሩ ነበር። የዳኑት በራቸውን ያንኳኳ ጎረቤት ያላቸው ናቸው።

ሕንድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት፤ ስለ ሰዓት። ኤፕሪል 2021 መጨረሻ ላይ በቀን የሚመዘገበው አዲስ ታማሚ ወደ 400 ሺህ እየተጠጋ ነበር። ኦክስጅን የለም፣ የሆስፒታል አልጋ የለም። ወጣቶች ትዊተርና ኢንስታግራም ላይ ሌሊትና ቀን ተቀምጠው የት ምን እንደሚገኝ ያሰባስቡ ጀመር። መጀመሪያ ዝርዝሩ ዝም ብሎ ይጋራል። ሰው ይደውላል፣ አይነሳም። ወይም ይነሳና "ከጠዋቱ አልቋል" ይባላል። ለታማሚ ቤተሰብ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ 40 ቁጥር ደውሎ 40 ጊዜ "የለም" መስማት። ከዚያ ልጆቹ አንድ ልማድ አወጡ። ራሳቸው መጀመሪያ ይደውላሉ፣ ካረጋገጡ በኋላ "ተረጋግጧል" ብለው ሰዓቱን ይጽፉበታል። ሰዓት የሌለው መረጃ የሞተ መረጃ ነው ብለው መቁጠር ጀመሩ። አጭበርባሪም አልጠፋም፤ ለኦክስጅን ሲሊንደር ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ ሞልቶ ነበር። በሌላ በኩል ባለሥልጣናት ስለ እጥረቱ በሚጽፉት ላይ "ሐሰት ታሰራጫላችሁ" እያሉ ማስፈራራት ጀምረው ነበርና፣ ኤፕሪል 30 ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዜጎች እርዳታ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስለጻፉ ሊዋከቡ አይገባም አለ። ይሄ ትንሽ ውሳኔ አይደለም። "ኦክስጅን ያለው አለ?" ብሎ መጻፍ ካስፈራ የተቀረው ሁሉ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደማይወደደው ክፍል፤ ዝርዝሩ። አንድ ቡድን በሁለት ሳምንት ውስጥ እጁ ላይ ምን እንደሚሰበሰብ አስቡ። ማን ታሟል፣ ማን ብቻውን ነው፣ የማን ልጅ ውጭ አገር ነው፣ የትኛው ቤት በር ዕቃ ሊቀመጥበት ክፍት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሊንኩ ያለው ሁሉ በሚከፍተው ሠንጠረዥ ውስጥ ከተጻፈ ለሌባ የተዘጋጀ ካርታ ነው። በዋትስአፕ ግሩፕ ደግሞ ስልክ ቁጥርህን ሁሉም አባል ያየዋል፤ ማን እንደሆነ የማታውቀውም ጭምር። እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ በ2020 በጎ ፈቃደኛ መስለው ዕቃ እንገዛለን እያሉ የአረጋውያንን ገንዘብ ስለሚወስዱ ሰዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። እኔ አድሚን ብሆን ሙሉ ዝርዝሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ግሩፑ ላይ ስምም በሽታም አይጻፍም። የባንክ ካርድና የሚስጥር ቁጥር ማንም ከማንም አይቀበልም፤ ቸግሮትም ቢሆን። ገዢው ከተዋጣው ገንዘብ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ቀውሱ ሲያልፍ ዝርዝሩ ይጠፋል። ስለ መተማመን ስብከት ከማብዛት አንድ የደረሰኝ ፎቶ ይሻላል።

ስለ ሐሰተኛ ወሬ ብዙ ተብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድሃኖም ገና በፌብሩዋሪ 2020 ሙኒክ ላይ፣ ከወረርሽኙ ጋር የወሬ ወረርሽኝም እየተዋጋን ነው ብለው ነበር። በኢራን አልኮል ቫይረሱን ይገድላል የሚለውን ወሬ ሰምተው ሜታኖል የጠጡ በመቶዎች ሞተዋል። ዋትስአፕ በኤፕሪል 2020 ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ገደበ። እኔ መጨመር የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሰፈር ግሩፕ ለወሬ ከሌላው ይብሳል፤ ሰው ስለሚተማመን። ትናንት መድኃኒት ያመጣልህ ጎረቤት ዛሬ "ይህን ጠጡ፣ በሦስት ቀን ይለቃችኋል" የሚል ድምፅ ሲልክ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ልክ አይደለም" ለማለት አፍ ይያዛል። ስለዚህ ክርክሩን ከመጀመሪያው ማስቀረት ነው። ግሩፑ ለሥራ ብቻ ነው፣ የጤና መረጃ የሚለጥፈው በሙያው የሚታወቅ አንድ ሰው ነው ተብሎ የመጀመሪያው ቀን ይነገር። በኋላ ማንም በግሉ አይከፋም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጠየቅ ነው። "የምትፈልጉት ነገር ካለ ንገሩኝ፣ እንዳታፍሩ" ይባላል። ከልብ ነው የሚባለው። ሰው ግን ያፍራል። ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ችሎ የኖረ፣ ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል የማያውቅ ሰው 200 ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ "ቸግሮኛል" ብሎ አይጽፍም። በረሃብ ይተኛል እንጂ አይጽፍም። እንግዲህ አጠያየቁ ይለወጥ። "እማማ፣ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፋርማሲ እሄዳለሁ፣ ምን ይዤልዎት ልምጣ?" ማለት ሌላ ነገር ነው። መሄዴ አልቀረም፤ እግረ መንገዴን ነው፤ ሸክም አልሆኑብኝም። የጥያቄውን ሥራ ረጂው ወስዶታል። የካርዱ ብልሃትም ይኸው ነበር፤ ረጂው የሚችለውን አስቀድሞ ዘርዝሯል፣ ለተረጂው የሚቀረው መደወል ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የተቀበለ ሰው መስጠት ሲችል መቀበሉ ይቀለዋል። ከቤት መውጣት የማይችሉት እናት ስልክ መደወል ግን ይችላሉ። በቀን አምስት ብቸኛ ሰው ጋ እየደወሉ "ደህና አደርክ ወይ?" ቢሉ፣ ከማንኛውም ባለ ብስክሌት ወጣት እኩል ሠሩ። መደጋገፍ ከምጽዋት የሚለየው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሁለት ዓይነት ሰው የለም፤ ተራው የደረሰና ያልደረሰ ነው ያለው።

ጎረቤት የማይችለውንም መናገር አለብን። ጎረቤት ዳቦ ያመጣል፣ ኦክስጅን አያመርትም። የቤት ኪራይ ለሦስት ወር ያቋረጠን ሰው ከመፈናቀል አያድንም። መንግሥት "ሕዝቡ እንዴት እንደተረዳዳ አያችሁ!" እያለ ሲያጨበጭብ እጁ ባዶ እንደሆነ ልናየው ይገባል። ሌላው ጉድለት ደግሞ ሠፈር ከሠፈር አለመመጣጠኑ ነው። ቤቱ ሆኖ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጊዜ ያለው፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው የበዛበት ሰፈር ግሩፑ ቶሎ ይቆማል። በየቀኑ ወጥቶ ካልሠራ የማይበላው ሰው የበዛበት ሰፈር ፍላጎቱ እጥፍ ነው፣ ረጂው ግን ጥቂት። ገንዘብና ሰው የተረፈው ቡድን ለጎረቤት ሰፈር ቡድን በቀጥታ ቢያካፍል ትንሽ ይሻላል። ቢያካፍል ነው ያልኩት፤ በሌላው ሰፈር ገብቶ አለቃ ይሁን አላልኩም።

ድካምም አለ። ሰው ሥራ ሲመለስ ፈቃደኛው ይሳሳል። አንድ ሰው ለሦስት ወር ሌት ተቀን ስልክ ሲያነሳ ቆይቶ አንድ ቀን ድንገት ይጠፋል፣ ቁጥሩም ከእሱ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ ስልኩ በተራ ይያዝ፣ አንድ ሰው ከአንድ ሳምንት በላይ አይያዘው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 የኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ አብቅቷል አለ። በኦገስት 2024 በኤምፖክስ (ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል በነበረው በሽታ) ምክንያት ሌላ አወጀ። በሜይ 2025 አገሮች ስለ ወደፊት ወረርሽኞች ስምምነት አጸደቁ፤ ስለ ክትባት ክፍፍል፣ ስለ ምርምር፣ ስለ አቅርቦት ሰንሰለት። ከፎቅ በታች ስላለችው ሴትዮ የሚለው ነገር የለም፤ ሊኖረውም አይችልም፣ የእሱ ሥራ አይደለም።

የ2020 ግሩፖች ደግሞ ብዙዎቹ አሁንም ስልክ ውስጥ አሉ። አንዳንዱ ላይ ሶፋ ይሸጥበታል፣ የጠፋ ድመት ይፈለግበታል። አንዳንዱ ጭር ብሏል፤ የመጨረሻው መልእክት የዛሬ ሦስት ዓመት የተላከ የበዓል ምኞት ነው። አድሚኑ ቤት ቀይሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከተለጠፉት ቁጥሮች ግማሹ አይሠራ ይሆናል። አንድ ቀን ሥራ ሲፈታ ያን ግሩፕ ከፍቶ ሁለት ቁጥር ላይ ደውሎ ማየት ነው፤ ከሚያነሱት ሰዎች ጋር ደግሞ ስማርት ስልክ የሌላቸው እነማን እንደሆኑ፣ ቤታቸው የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደሚያንኳኳላቸው መነጋገር።